ሁላችንም "ሩት" ነበርን፦ የማኅበር መዝገብ ላይ ለማን የትኛውን ቁልፍ እንስጥ?

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስምሽ፣ ስልክሽ፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ፣ ከጎኑ ደግሞ "ከአሠሪዋ ቤት ወጥታለች" የሚል ቃል በአንድ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይሆን? ለእርዳታ፣ ለቲኬት ወይም ለመጠለያ ስም አስመዝግበሽ የምታውቂ ከሆነ ተጽፏል። ታዲያ ያንን መስመር ዛሬ ስንት ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል?

እኛ ይህን ጥያቄ የጠየቅነው ከረፈደ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። እናንተ ቀድማችሁ እንድትጠይቁ ነው የምጽፈው። ወንድሞችም እንደምታነቡ አውቃለሁ፣ "አንቺ" እያልኩ ስለምጽፍ አትቀየሙኝ፤ የለመደብኝ ከሴቶች ጋር ማውራት ነው።

እኔ ያለሁት ሊባኖስ፣ ቤሩት ነው። ሰው ቤት እሠራለሁ። ትምህርት ከአስረኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ኮምፒውተር የነካሁትም እዚህ በእሁድ እረፍቴ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ቋንቋ እንዲህ ነው ብዬ የምራቀቅ ሰው አይደለሁም። በገባኝ ልክ ነው የማስረዳችሁ።

ነገሩ ለምን ያሰጋል? እዚህ አገር ኢቃማሽ የታሰረው ከካፊልሽ ጋር ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ቤቱን ለቀሽ ከወጣሽ ወረቀትሽ ይበላሻል፣ ብትያዢም ልትታሰሪ ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኑሮ ሲወደድና ዶላር ሲጠፋ ብዙ እህቶቻችን ቆንስላው በር ላይ እየተጣሉ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወደቡ ፍንዳታ መጣ። በ2024 ደግሞ ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ፣ መጠለያ ሄደው የውጭ ዜጋ አንቀበልም የተባሉ ብዙዎች ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የረዱን እንደ እኛው ያሉ ሴቶች የያዙት የስም ዝርዝር ነው። ማን የት እንዳለች፣ ማን መድኃኒት እንደቸገራት፣ ማን ከሕፃን ጋር እንዳለች የታወቀው ከዚያ ነው። ስም መመዝገብ ሰው ያድናል። የተመዘገበው ስም በማይሆን እጅ ሲገባ ግን ያው ዝርዝር ሰው ያስይዛል።

የእኛ ማኅበር ትንሽ ነው። መጀመሪያ በደብተር ነበር የምንጽፈው። ቀጥሎ በስልክ ላይ በሚከፈት ሠንጠረዥ። ስሙ ሲበዛ አንድ በነጻ የሚረዳን የአገሩ ተማሪ ዳታቤዝ ሠራልንና ፒኤችፒማይአድሚን በሚባል መሣሪያ እንድንከፍተው አሳየን። ዳታቤዝ ማለት በሥርዓት የተቀመጠ ትልቅ መዝገብ ነው በሉት። ፒኤችፒማይአድሚን ደግሞ መዝገቡን በስልክም በኮምፒውተርም ከፍተሽ የምታይበት፣ የምትጨምሪበት፣ የምታርሚበት ገጽ ነው።

ልጁ ለአምስታችንም የሰጠን አንድ የመግቢያ ስምና አንድ ፓስዎርድ ነው። የመግቢያ ስሙ "ሩት" ይላል። ስቀናል። ከመካከላችን ሩት የምትባል የለችም! ለካ በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የሆነው፣ ምንም የማይከለከለው የመግቢያ ስም እሱ ነው። በእኛ ቤት ሲተረጎም፦ የውጭ በር፣ የመኝታ ቤት፣ የካዝና፣ የጓዳ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ ታስሮ ለአምስት ሰው ተባዝቶ ተሰጠ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የጠፋው 41 መስመር ነው። አንድ እሁድ ስንከፍተው የ41 ሴቶች ስም የለም። አንዷ የተደገመ ስም ላጥፋ ብላ ብዙ መርጣ አጥፍታ ይሆናል፣ ክፋት አልነበረውም። ግን ማን ናት? የገባችው "ሩት" ናት። ሁላችንም ሩት ነን።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ከተመዘገቡት አንዲቷ እህታችን ስልክ ተደወለላት። ሰውየው ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ስም ጠራ፣ የፓስፖርት ቁጥሯን ነገራት፣ ከቤት መውጣቷንም ያውቃል። "ወረቀትሽን የማስተካክለው እኔ ነኝ፣ 200 ዶላር ላኪ፣ አለበለዚያ አስይዝሻለሁ" አላት። ተበድራ ላከች። ከዚያ ስልኳን ዘጋች፣ ከሰውም ራቀች።

እኛስ? አምስታችን ተጠረጣጠርን። ከሁላችንም የበለጠ የለፋችው፣ ዶራ ላይ እሁድ እሁድ በፀሐይ ቆማ የምትመዘግበው ልጅ ጥርጣሬውን መቋቋም አቅቷት ተወችን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ከእኔ አልወጣም" ብዬ መማል አልችልም። ፓስዎርዱ ስልኬ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ የማዳሜ ልጅ ደግሞ በስልኬ ጌም ይጫወት ነበር። ከዓመት በፊት ወደ አገሯ የተመለሰችው ጓደኛችንም ያው ፓስዎርድ በእጇ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ከዚህ የተማርኩትን በአንድ አረፍተ ነገር ላስቀምጠው፦ ለእያንዳንዷ በራሷ ስም፣ ለሥራዋ የሚበቃትን ቁልፍ ብቻ ስጪ፣ ሥራዋን በተወች ቀን ደግሞ መልሺ። ይህ ሰውን አለማመን አይደለም። ማንም ማንንም ሳትጠረጥር አብሮ ለመሥራት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ።

1. በሩና ዘበኛው የተለያዩ ናቸው

ፒኤችፒማይአድሚን በር ነው። ማን ይግባ፣ ምን ይንካ ብሎ የሚወስነው ከኋላው ያለው ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ ስሙ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ይባላል። ስለዚህ ፈቃዱ የሚሰጠውም የሚነሣውም ዳታቤዙ ውስጥ በተከፈተው የተጠቃሚ ስም ላይ ነው። በሌላ በር ብትገባም ፈቃዷ አይለወጥም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ሞክሪ። የመዝገባችሁን አድራሻ መዝገቡን ጨርሶ ከፍቶ በማያውቅ ስልክ ክፈቺው። ስምና ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ከገባ ፓስዎርዱ ማሽኑ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው፣ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ይገባል። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ለሠራላችሁ ሰው ደውዪና "ለሚገባ ሁሉ ፓስዎርድ እንዲጠይቅ አድርገው" በይው። አድራሻው መጀመሪያ ላይ "https" የሚል መኖሩንም እዪ። ያ ከሌለ የምትጽፊው ፓስዎርድ በመንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል።

2. መጀመሪያ በወረቀት

ምንም ሳትነኪ ማን ምን እንደምትሠራ ጻፊ። እኛ እንዲህ ጻፍን፦ አንዷ አዲስ ሰው ትመዘግባለች። አንዷ ትደውላለች፣ የተደረገውን ትጽፋለች። አንዷ ሒሳብ ትይዛለች፣ ስንት ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ እንጂ የማንም ፓስፖርት አያስፈልጋትም። አንዷ የቲኬትና የቆንስላ ጉዳይ ትከታተላለች፣ ፓስፖርቱን ማየት ያለባት እሷ ናት። አንዷ ደግሞ ቁልፎቹን ትጠብቃለች።

ከዚያ በየስማቸው አንጻር ፈቃዱን አስቀምጪ። በገጹ ላይ በእንግሊዝኛ የሚነበቡት ቃላት እነዚህ ናቸው፦

ሰሌክት፦ ማየት።
ኢንሰርት፦ አዲስ መስመር መጨመር።
አፕዴት፦ የተጻፈውን መለወጥ።
ዲሊት፦ መስመር ማጥፋት።
ድሮፕ፦ ሠንጠረዡን እንዳለ መጣል፣ ከነስሙ ድራሹ ይጠፋል።
ግራንት፦ ያላትን ፈቃድ ለሌላ ሰው ማካፈል።
ፋይል፦ ዳታቤዙ የተቀመጠበት ማሽን ላይ ያሉ ፋይሎችን ማንበብና መጻፍ።

ለዕለት ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ። ድሮፕ፣ ግራንትና ፋይል ለማንም ሠራተኛ አይሰጡም። ዲሊትንም እኛ ለማንም አልሰጠንም። በምትኩ "ጉዳይዋ ተዘግቷል" የሚል ዓምድ ጨመርን፣ ቀን ይጻፍበታል እንጂ መስመሩ አይጠፋም። የተደገመ ስም ሲኖር ቁልፍ ጠባቂዋ ብቻ ታጠፋለች።

3. የራሷን ስም መክፈት

በትልቁ ስም ገብተሽ ከላይ ካሉት "ዩዘር አካውንትስ" የሚለውን ንኪ። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይመጣል። ከታች "አድ ዩዘር አካውንት" አለ፣ እሱን ንኪ።

ስም ስጪያት። ፓስዎርዱን ራሱ እንዲፈጥር "ጀነሬት" የሚል ቁልፍ አለ፣ ከልደት ቀንና ከስልክ ቁጥር ይሻላል። "ሆስት" የሚለው ከየት ሆኖ መግባት እንደሚቻል ነው። በሩና ዳታቤዙ አንድ ማሽን ላይ ካሉ፣ እንደ እኛ፣ "ሎካል" የሚለውን ምረጪ። "ኤኒ ሆስት" ካልሽው ግን ከየትም ቦታ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ለሚሞክር ሁሉ ክፍት ታደርጊዋለሽ።

ከዚያ ዝቅ ስትዪ "ግሎባል ፕሪቪሌጅስ" የሚል ሰፊ ሳጥን ታያለሽ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ቼክ ኦል" የምትል ትንሽ ቦታ አለች፣ እጅ ይበላታል። እሷን ከነካሽ ሁለተኛ ሩት ፈጠርሽ። ግሎባል ማለት በማሽኑ ላይ ባሉ ዳታቤዞች ሁሉ ላይ ማለት ነው። እዚያ ሳጥን ውስጥ አንድም ምልክት አታድርጊ። ባዶውን ትተሽ "ጎ" በይ።

አሁን ስሟ ተከፍቷል፣ ግን ምንም አታይም። ወደ ዝርዝሩ ተመለሺ፣ ከስሟ አጠገብ "ኤዲት ፕሪቪሌጅስ" የሚለውን ንኪ፣ "ዳታቤዝ" የሚለውን ምረጪ፣ የማኅበራችሁን መዝገብ ምረጪ። እዚያም ሳጥን ይመጣል፣ ግን ይህኛው የዚያ መዝገብ ብቻ ነው። እዚህም ከሰጠሻት መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ሠንጠረዦች በሙሉ ታያለች። ለአንድ ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ እዚህ ምንም ሳትነኪ "ቴብል" ከሚለው ሠንጠረዡን መርጠሽ እዚያ ስጪ።

ሲያልቅ በእሷ ስም ገብተሽ ሞክሪው። ማየት ያለባትን ታያለች ወይ? ማየት የሌለባትን ስትነኪ ይከለክልሻል ወይ? ሳትሞክሪ "ሰጥቻለሁ፣ ከልክያለሁ" አትበዪ።

4. ፓስፖርቱን ለብቻው

እኛ መጀመሪያ ብልህ መስሎን ሠንጠረዡን አንድ አድርገን የፓስፖርቱን ዓምድ ብቻ ለመከልከል ሞከርን። መሣሪያው በዓምድ መፍቀድ ይችላል። ችግሩ ደዋይዋ ሠንጠረዡን ስትከፍት ቀይ የስሕተት ጽሑፍ መጣባት። ምክንያቱም ገጹ ሲከፈት "ሁሉንም ዓምድ አሳየኝ" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ አንዱ ከተከለከለ ጥያቄው በሙሉ ይከለከላል።

የሚሻለው መለየት ነው። አንደኛው ሠንጠረዥ ቁጥር፣ የመጠሪያ ስም፣ ስልክና የሚያስፈልጋት ነገር ይይዛል። ሁለተኛው ያንኑ ቁጥር፣ ሙሉ ስምና ፓስፖርት፣ የወረቀት ሁኔታና የአሠሪ ስም ይይዛል። ሁለተኛውን የምትከፍተው የቆንስላ ጉዳይ የምትከታተለው ብቻ ናት። ለሒሳብ ያዥዋ ደግሞ ተማሪው "ቪው" የሚባል ነገር ሠራላት። እንደ መስኮት ነው፣ ከሠንጠረዡ የተመረጠውን ብቻ ያሳያል፣ እሷም የምታየው ቁጥሩንና የሚያስፈልገውን ነው፤ ስምም ስልክም የለበትም። ሰሌክት የተሰጣት በመስኮቱ ላይ እንጂ በሠንጠረዡ ላይ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን መረጃ በእርግጥ እንፈልገዋለን? እኛ የአሠሪ ቤት አድራሻ ሙሉውን እንጽፍ ነበር። ለምን? ማንም አልመለሰም። አጠፋነው። ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም።

5. ሩትን ማሰር

አዲሶቹ ስሞች ከሠሩ በኋላ የሩትን ፓስዎርድ ቀይሩ። ከዚያ በፊት ግን የሠራላችሁን ሰው ጠይቁ፦ ሌላ ፕሮግራም ወይም የመመዝገቢያ ገጽ በሩት ስም የሚገባ ካለ ፓስዎርዱ ሲቀየር ይቆማል። ለፕሮግራሙም የራሱ ስም ይከፈትለት። የእኛ አዲሱ ፓስዎርድ ያለው ቁልፍ ጠባቂዋ ጋርና በታሸገ ፖስታ ሌላ ታማኝ ሴት ጋር ነው። አንዷ ብትታሰር ወይም ድንገት ወደ አገር ብትላክ መዝገቡ አብሯት እንዳይዘጋ ነው። እዚህ አገር የነገ አይታወቅም።

6. የሄደች ቀን

አንዲት ሴት ሥራውን ስትተው ወይም ስልኳ ሲወሰድባት የመጀመሪያው ነገር በዚያው ቀን ፓስዎርዷን መቀየር ነው። ጊዜ ስታገኚ ስሟን አጥፊው። ከተጠቃሚዎች ዝርዝር መርጠሽ "ሪሙቭ ሰሌክትድ ዩዘር አካውንትስ" ስትዪ፣ ከአጠገቡ "እንደ ተጠቃሚው ስም የሚጠሩትንም ዳታቤዞች ጣል" የሚል ትርጉም ያለው ሳጥን አለ። እሱን እንዳትነኪ! መዝገባችሁ በአንዷ ስም ከተሰየመ ሰውየዋን አወጣሁ ስትዪ መዝገቡን ሁሉ ትጥያለሽ።

በየሦስት ወሩ ዝርዝሩን ከፍተን ስም በስም እንጠራለን። "ይህቺ አለች? አሁንም ይህን ትሠራለች?" አስር ደቂቃ አይፈጅም።

7. ፈቃድ የማይከለክለው ነገር

ማየት የተፈቀደላት ሰው መገልበጥ ትችላለች። "ኤክስፖርት" ብላ ያየችውን ሁሉ ወደ ስልኳ ማውረድ ትችላለች፣ ፎቶም ማንሳት ትችላለች። ስለዚህ "ማየት ብቻ እኮ ነው" ተብሎ ለሁሉም አይታደልም። መለወጥ የተፈቀደላትም መስመሩን ሳታጠፋ በባዶ ልትተካው ትችላለች፣ በስሕተትም ቢሆን። ለዚህ በየሳምንቱ ቅጂ እንይዛለን። ቅጂውም ያው የሰው ስም ነውና በፓስዎርድ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ በዋትስአፕ አይላክም።

ስልክሽ ላይ ፓስዎርዱን "ሴቭ" አትበዪ። ስትጨርሺ ዝም ብለሽ ገጹን አትዝጊ፣ "ሎግ አውት" በይ። ይህን የምትነግራችሁ ስልኳን ለልጅ ጌም የሰጠችው ናት።

ዳታቤዝ ለሌላችሁ

ብዙ ማኅበሮች የሚጠቀሙት ጉግል ሺትስን ነው፤ ነገሩ ያው ነው። "ሼር" ስትዪ ከታች "ሊንኩ ያለው ሁሉ" የሚል ካለ "ሪስትሪክትድ" ወደሚለው ቀይሪው፣ ከዚያ በየኢሜይላቸው አስገቢ። ቪወር ያያል፣ ኮሜንተር አስተያየት ይጽፋል፣ ኤዲተር ይለውጣል። በማርሽ ምልክቷ ውስጥ ኤዲተሮች ለሌላ ሰው እንዲያካፍሉ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ፣ ያለበለዚያ አንቺ ሳታውቂ ሰው ያስገባሉ። ዓምድ መደበቅ መከልከል አይደለም፣ የተደበቀውን ማውጣት ቀላል ነው። ፓስፖርቱን ሌላ ፋይል ላይ አድርጊው።

ለምትመዘገቢው እህት

አንቺ መዝገብ ያዥ ካልሆንሽ፣ ስም ብቻ የምትሰጪ ከሆነም ይህ ጉዳይ ያንቺ ነው። ስም ሲጠይቁሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ይህን ማን ያየዋል? ፓስፖርቴ ለምን ያስፈልጋል? ጉዳዬ ሲያልቅ ታጠፉታላችሁ? ጥሩ ማኅበር አይቆጣም። እኛም አሁን ሳንጠየቅ ቀድመን እንናገራለን። የሆነ ሰው ደውሎ የፓስፖርት ቁጥርሽን ቢነግርሽ ደግሞ ባለሥልጣን ነው ብለሽ አትደንግጪ። ቁጥርሽን ማወቁ ከየትም አገኘው ማለት እንጂ ሥልጣን አለው ማለት አይደለም። ገንዘብ ሳትልኪ መጀመሪያ ለምታምኚያት ሰው ደውዪ።

ያቺ 200 ዶላር የላከችው እህታችን ከወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ስሟን እንደገና ከመስጠቷ በፊት "ማን ያየዋል?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ በራሴ ስም ገብቼ አሳየኋት። "እኔ ስልክሽንና የሚያስፈልግሽን ነገር ብቻ ነው የማየው። ፓስፖርትሽን እኔም መክፈት አልችልም፣ ይኸው" ብዬ የፓስፖርቱ ሠንጠረዥ አልከፈት ሲለኝ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና "እሺ ጻፊ" አለችኝ።

ዶራ ላይ ትመዘግብ የነበረችውን ልጅም ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። አሁን የራሷ ስም አላት። የምትገባው በእሱ ብቻ ነው፣ ሁላችንም በአንድ ስም መግባት ቀርቷል።